ጨዋታ በማረሚያ ተቋም፡- መከልከል ወይስ ሥርዓት ማስያዝ?

ዲላ፡- በማረሚያ ተቋም የሚገኝ ሰው ቀኑን ሙሉ በሥራ ወይም በትምህርት አያሳልፍም። ሥራውና ትምህርቱ ካበቃ በኋላ፣ እንዲሁም በበዓላትና በዝናብ ቀናት ምንም ያልተመደበላቸው ረጃጅም ሰዓታት ይተርፋሉ። ለታራሚውም ሆነ ለጥበቃ አባሉ ከባድ የሚሆኑት እነዚህ ባዶ ሰዓታት ናቸው። ጠብ የሚጫረው፣ ቂም የሚታሰበውና ቁማር የሚጀመረው በአብዛኛው ሰው ሥራ ሲፈታ በመሆኑ፣ ታራሚዎች በትርፍ ጊዜያቸው ምን ዓይነት ጨዋታ ሊፈቀድላቸው ይገባል የሚለው ጥያቄ ከመዝናኛነት ያለፈ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።

ቼዝ፣ በጠርሙስ ቆርኪ የሚጫወቱት ዳማና በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ ኅብረተሰቡ በሚገባ የሚያውቃቸው በመሆናቸው ብዙ አያከራክሩም። ክርክር ያስነሳው በሌሎች አገራት ማረሚያ ተቋማት የተስፋፋውና በአገራችን እምብዛም የማይታወቀው "የሚና ጨዋታ" ነው። ይህ ጨዋታ በአንዳንድ ተቋማት ተከልክሏል፤ በሌሎች ደግሞ በቸልታ ታልፏል። ክልከላው የተመሠረተባቸው ምክንያቶች በዲላም ሆነ በማናቸውም የኢትዮጵያ አካባቢ የሚገኙ የማረሚያ ኃላፊዎች አንድ አዲስ የታራሚዎች ጥያቄ ሲቀርብላቸው እንዴት ሊመዝኑት እንደሚገባ የሚያመላክቱ ናቸው።

የሚና ጨዋታ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆንና አንድ ታሪክ ይጀምራል። የተቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ የአንድን ሰው ሚና ይይዛሉ። መሪው ያጋጠመውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ተመካክረው ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸው መሳካት አለመሳካቱ ደግሞ በዳይስ ወይም በሌላ ዕጣ ይለያል። ታሪኩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ዘርፍ በዓለም የታወቀው "ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" የተሰኘው ጨዋታ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ በጋራ የተደቀነባቸውን ፈተና ስለሚወጡ እንደ ቼዝ አሸናፊና ተሸናፊ አይለይበትም።

አሠራሩን በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ታሪኩ በይርጋጨፌ አካባቢ በቡና ለቀማ ወቅት የሚካሄድ ነው እንበል። አንዱ ተጫዋች አርሶ አደር፣ ሁለተኛው ሾፌር፣ ሦስተኛው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ፣ አራተኛው ቡና አቅራቢ ነጋዴ ይሆናሉ። መሪው "ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ ተጭኗል፤ ዝናቡ ድልድዩን ጎድቶታል፤ እሸቱ ዛሬ ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ሲል ይጠይቃል። አራቱም ጥቅማቸው የተለያየ ነው፤ ሆኖም ካልተስማሙ ሁሉም ይከስራሉ። ጨዋታው ይህንኑ ያህል ቀላል ሲሆን፣ የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስና መደማመጥ ነው። ማንበብ የማይችል ታራሚም መሪው ከነገረው በኋላ እኩል ሊሳተፍበት ይችላል።

በዚህ ጨዋታ ላይ የተነሳው ክርክር በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በሚገኘው የዋፑን ማረሚያ ቤት በተፈጠረ ጉዳይ ነው። በግድያ ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት አንድ ታራሚ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚና ጨዋታ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች ጨዋታው የወንጀል ቡድኖችን አደረጃጀት ያስመስላል በሚል ከለከሉት፤ መጻሕፍቱንና መጽሔቶቹን እንዲሁም ታራሚው ለአዲስ ጨዋታ በእጁ የጻፈውን 96 ገጽ ረቂቅ ወሰዱበት። የኃላፊዎቹ ዋና መከራከሪያ በጨዋታው አንድ መሪ ለሌሎች ትዕዛዝ እየሰጠ የሚመራቸው በመሆኑ ታራሚዎች በአንድ አለቃ ሥር መደራጀትን ይለምዳሉ፤ እንዲሁም በምናብ ዓለም ውስጥ መኖር ከማረም ዓላማ ጋር አይሄድም የሚል ነበር።

ታራሚው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ 15 የቃለ መሐላ ማስረጃዎችን አቀረበ። ከእነዚህ 11ዱ የሌሎች ታራሚዎች ሲሆኑ፣ ጨዋታው ወደ ወንጀል ቡድን መርቶ እንደማያውቅ የሚገልጹ ነበሩ። ሆኖም የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በሰጠው ውሳኔ ክልከላውን አጸናው።

ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። ፍርድ ቤቱ ጨዋታው አደገኛ መሆኑ ተረጋግጧል አላለም። በአሜሪካ ሕግ የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች የሚጥሉት ክልከላ ከጸጥታ ዓላማ ጋር ምክንያታዊ ግንኙነት ያለው እስከሆነ ድረስ ዳኞች በኃላፊዎቹ ግምገማ ጣልቃ የሚገቡት በጠባቡ ነው። በመሆኑም ፍርድ ቤቱ የመለሰው "ኃላፊዎቹ መከልከል ይችላሉ ወይ?" የሚለውን ጥያቄ እንጂ "መከልከላቸው ጠቃሚ ነው ወይ?" የሚለውን አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የአስተዳደሩ ነው።

በሌላ በኩል በቴክሳስ ግዛት በሞት ፍርደኞች ማቆያ ውስጥ በተናጠል ክፍል የተዘጉ ታራሚዎች ይህንኑ ጨዋታ ለዓመታት ሲጫወቱ እንደቆዩ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ የጋዜጠኝነት ዘገባ ተገልጿል። ዳይስ ለቁማር ይውላል ተብሎ የተከለከለ በመሆኑ፣ ዕጣውን የሚያወጡት ራሳቸው በሠሩት የሚሽከረከር መሣሪያ ነበር። ጨዋታው የሚካሄደው ከክፍል ክፍል እየተጠራሩ ነው። ሁኔታው የሚያስገነዝበው ነገር ቢኖር፣ ባዶ ሰዓት ያለው ሰው ጨዋታ ቢከለከልም ሌላ መንገድ የሚፈልግ መሆኑንና የዳይሱ ችግር ጨዋታውን ሳይነኩ ሊፈታ የሚችል መሆኑን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 138/1999 እና ከዚያ በኋላ የወጣው የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ለሚደረገው አያያዝ የሕግ መሠረት ናቸው። የጌዴኦ ዞን እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር የቆየ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። በዞኑ የሚገኝ ማረሚያ ተቋም በክልል መዋቅር የሚተዳደር በመሆኑ፣ የዕለት ተዕለት አሠራሩን የሚወስኑት የክልሉ ሕጎችና መመሪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ ለሁሉም እኩል ይሠራል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታህሳስ 2008 ዓ.ም ያጸደቃቸውና "የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች" በመባል የሚታወቁት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ መለኪያዎችም በዚህ ጉዳይ ግልጽ መመሪያ ይሰጣሉ። ደንብ 4 የእስራት ዓላማ ኅብረተሰቡን ከወንጀል መጠበቅና ወንጀል እንዳይደገም ማድረግ እንደሆነ፣ ይህም የሚሳካው የእስራቱ ጊዜ ታራሚውን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ ሲውል እንደሆነ ያስቀምጣል። ደንብ 105 ለአካልና ለአእምሮ ጤንነት ሲባል የመዝናኛና የባህል እንቅስቃሴዎች በሁሉም ማረሚያ ቤቶች እንዲኖሩ ይጠይቃል። ደንብ 36 ደግሞ ሥርዓትና ጸጥታ ሲከበር ለጥበቃና ለሰላማዊ የጋራ ኑሮ ከሚያስፈልገው በላይ ክልከላ ሊኖር እንደማይገባ ያሳስባል።

በጉዳዩ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው ደንብ 40 ነው። ይህ ደንብ ማንኛውም ታራሚ በሌላው ላይ የሥነ ሥርዓት እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን እንዳይሰጠው ይከለክላል። በዚያው ደንብ ግን የማኅበራዊ፣ የትምህርትና የስፖርት እንቅስቃሴዎችን ታራሚዎች በኃላፊዎች ክትትል ሥር ራሳቸው እንዲመሩ ማድረግ እንደሚቻል ተመልክቷል። በዊስኮንሲን የተነሳው ስጋት፣ ማለትም "መሪ ያለው ጨዋታ አለቃ ይፈጥራል" የሚለው፣ በዚህ ደንብ መልስ ያገኛል። ጨዋታን መምራት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ላይ መሠልጠን ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚጠብቀው የተቋሙ ክትትል ነው።

ለዚህም በደቡብ አፍሪካ የሮበን ደሴት እስር ቤት የተፈጸመው ጥሩ ማሳያ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የነበሩ የፖለቲካ እስረኞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእግር ኳስ ጨዋታ እንዲፈቀድላቸው ደጋግመው ጠይቀው ከተፈቀደላቸው በኋላ "የማካና እግር ኳስ ማኅበር"ን አቋቋሙ። ማኅበሩ የፊፋን ሕግ ተከትሎ ይሠራ ነበር፤ ዳኞችና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴም ነበሩት። በተለያዩ የፖለቲካ ድርጅቶች የተከፋፈሉ እስረኞች በአንድ ሕግ ሥር መጫወትን ተማሩበት። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለማኅበሩ የክብር አባልነት ሰጥቶታል።

የአገራችን ታሪክም ከእስር ቤት ግድግዳ ጀርባ ስለሚነገር ታሪክ የሚያስተምረው አለው። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀቶች ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ ተርጉሞታል። ሥራውም "ነገም ሌላ ቀን ነው" በሚል ርዕስ ታትሟል። ያ ወረቀት በወቅቱ ተገኝቶ ቢወሰድ ኖሮ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ የታወቀ ሥራ ባጣ ነበር። ታራሚ በእጁ የጻፈው ሁሉ የሴራ ሰነድ አይደለም። የትኛው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በማንበብ ነው።

የሚና ጨዋታ በስም እንግዳ ይሁን እንጂ በመንፈሱ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እንቆቅልሽ ተጠይቆ መመለስ ያቃተው ሰው "አገር ስጠኝ" ሲባል በምናቡ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በዚያ አገር ይነግሣል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታ "ወረራ" በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ የነበረ ሲሆን፣ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነበር። በጌዴኦ ደግሞ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት "ሶንጎ" አለ። በሶንጎ ሰው በየተራው ይናገራል፤ የተበደለም የበደለም ይደመጣል፤ ፍጻሜውም ዕርቅ ነው። በየተራ መናገርና ሌላውን ሳያቋርጡ ማዳመጥ የሚና ጨዋታም ዋና ሕግ ነው። እርግጥ ሶንጎ የማኅበረሰቡ የተከበረ ተቋም በመሆኑ ከጨዋታ ጋር እኩል አይታይም። ሆኖም የሁለቱ ልማድ መመሳሰል ሐሳቡን ለታራሚዎች ለማስረዳት ያግዛል።

ሚና ወስዶ መለማመድ በማረም ሥራ ውስጥም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ተዘጋጅተው ወደ ሌሎች አገራት የተስፋፉ የአስተሳሰብና የባሕርይ ማረሚያ ሥልጠናዎች፣ ታራሚው ንዴቱን መቆጣጠርንና የሌላውን ሰው ስሜት መረዳትን የሚለማመደው ሚና እየተቀበለ እንዲጫወት በማድረግ ነው። ልዩነቱ ሥልጠናው በባለሙያ የሚመራ፣ ጨዋታው ግን በራሳቸው በታራሚዎች የሚመራ መሆኑ ነው። ስለሆነም ጨዋታው የሥልጠና ምትክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የኃላፊዎች ስጋቶች በቀላሉ ሊታለፉ የሚገባቸው አይደሉም። የመጀመሪያው ቁማር ነው። ዕጣ ባለበት ቦታ ሁሉ ሲጋራ፣ ሳሙና ወይም ገንዘብ ማስያዝ ይከተላል የሚል ፍርሃት አለ። ተሸንፎ ዕዳ ውስጥ የገባ ታራሚም ለጥቃት ይጋለጣል። ለዚህ መፍትሔው ዳይስን አስቀርቶ በተቋሙ በተዘጋጁ ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች መጠቀምና ማስያዣ በተገኘበት ቡድን ላይ ጨዋታውን ማቋረጥ ነው። የሚና ጨዋታ አሸናፊ የሌለው በመሆኑ ከካርታ ጨዋታ ይልቅ ለቁማር የማይመች መሆኑም ሊጤን ይገባል።

ሁለተኛው ስጋት የአለቅነት ነው። መሪው በየጊዜው እንዲለዋወጥና የቡድኑ አባላት በተቋሙ እንዲመደቡ ከተደረገ አንድ ሰው ተከታዮችን ማፍራት ያዳግተዋል። ሦስተኛው የምስጢር መልእክት ነው። ጨዋታው በሁሉም ዘንድ በሚታይ ግልጽ ቦታ ከተካሄደ፣ ወረቀቶቹም ተቆጥረው ከተሰጡና ከጨዋታው በኋላ ተመልሰው ከተቀመጡ ይህ ስጋት ይቀንሳል። ከጥበቃ አባላት ቢያንስ አንዱ ታራሚዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቅ መሆኑም አስፈላጊ ነው። በዲላ አካባቢ ጌዴኡፋ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛና አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች አብረው የሚኖሩ በመሆናቸው፣ ይህ ነጥብ በጽሑፍ ብቻ ሊቀር አይገባም።

አራተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሃይማኖት ቡድኖች ጥንቆላና ዘንዶ ያለበትን ይህን ጨዋታ አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ለእምነቱ ትልቅ ቦታ በሚሰጠው ኅብረተሰባችንም ተመሳሳይ ቅሬታ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም ጨዋታው ዘንዶ የግድ አያስፈልገውም። ከላይ እንደተገለጸው የቡና ማሳ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የድልድይ ግንባታ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ብቻ ከሆነ ደግሞ ማንም ከእምነቱ ውጭ አይገደድም።

አምስተኛውና በተግባር ከባዱ ምናልባት የሰው ኃይልና የቦታ እጥረት ነው። ታራሚ በበዛበትና ጥበቃ ባነሰበት ተቋም አዲስ እንቅስቃሴ መጨመር ሸክም ነው። በዚህ ረገድ ጨዋታው ውድ ዕቃ የማይጠይቅ መሆኑ ይጠቅማል፤ ክትትሉ ግን ያለ ሰው አይሆንም። ክትትል ሊመደብለት በማይችልበት ወቅት አለመጀመሩ ይሻላል። ይህ ግን "ለጊዜው አንችልም" ማለት እንጂ "ጨዋታው ወንጀል ይወልዳል" ማለት አይደለም። ለታራሚዎች የሚሰጠው ምክንያት እውነተኛው ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩ በጌዴኦ ለምን ክብደት እንደሚኖረው ከአካባቢው ሁኔታ መረዳት ይቻላል። ዞኑ በአገሪቱ ከፍተኛ የገጠር ሕዝብ ጥግግት ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአንዱ የእንሰትና የቡና ማሳ ከሌላው ጋር ይዋሰናል። በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሰው፣ የዛፍና የማሳ አብሮ መኖር ያስገኘው ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች መፈናቀላቸውም አይዘነጋም።

በእንዲህ ዓይነት አካባቢ የእስራት ጊዜውን ጨርሶ የሚወጣ ሰው የሚመለሰው ወደ ማያውቀው ከተማ ሳይሆን የተበዳዩ ቤተሰብ ወደሚኖርበት መንደር ሊሆን ይችላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 202 ጸባዩን ያሻሻለ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። በመሆኑም ከታራሚዎች አብዛኞቹ አንድ ቀን ይመለሳሉ። በድንበር ማሳ ምክንያት ጎረቤቱን የጎዳ ሰው ከመውጣቱ በፊት ራሱን በጎረቤቱ ቦታ አስቀምጦ ማሰብን፣ ሳይቆጣ መደራደርንና ተሸንፎ መቀመጥን የተለማመደ እንደሆነ ትርፉ ለመላው መንደር ነው። ይህን ሁሉ ጨዋታ ብቻውን ያመጣል ማለት ግን አይቻልም።

ስለዚህ ለውሳኔ የሚመች አካሄድ በመጀመሪያ በጥቂት ታራሚዎችና በተወሰነ ጊዜ መሞከር ነው። ከሙከራው በፊት በተመረጠው ክፍል የተመዘገቡ ጠቦችና የሥነ ሥርዓት ጥፋቶች ብዛት ይያዛል፤ ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላም ይነጻጸራል። ቁጥሩ ከጨመረ ይቋረጣል፤ ከቀነሰ ወይም ካልተለወጠ ይቀጥላል። በከተማዋ የሚገኘው ዲላ ዩኒቨርሲቲም ሙከራውን በጥናት እንዲያግዝ ሊጠየቅ ይችላል። ክልከላ ሲወሰን ምክንያቱ በጽሑፍ መስፈሩና ታራሚው ቅሬታ የሚያቀርብበት መንገድ መኖሩ የአሠራሩ አካል መሆን አለበት።

"ወህኒ ቤት" የሚለው ስያሜ ቀርቶ "ማረሚያ" ሲተካ በስሙ ውስጥ አንድ ግዴታ ተቀምጧል። የተቋሙ ሥራ ሰውን ጠብቆ ማቆየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ ለክልከላ በቂ ምክንያት በሆነ ነበር። ሥራው ማረም በመሆኑ ግን ኃላፊው ከመከልከሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠበቅበታል፤ ስጋቱ በሥርዓት ሊቃለል ይችላል ወይ? ጨዋታው ቢቀር ያ ባዶ ሰዓት በምን ይሞላል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያላዘጋጀ ክልከላ ሰዓቱን ለቁማርና ለቂም ትቶት ይሄዳል።